በግ ስትጨነግፍ መጀመሪያ ውሻውን እሰሩ

ደንበጫ አካባቢ ጥቂት የዋሸራ በጎች አሉኝ። ዋሸራን የማታውቁት ካላችሁ፣ የኛው የጎጃም በግ ነው፤ ቀንድ የለውም፣ ላቱ ሰፊ ነው፣ መንታ መውለድም ያውቅበታል። ካቻምና በአንድ ወር ውስጥ አራት ጨነገፉብኝ። «ዓይን ነው» ያለኝ ጎረቤት አልጠፋም፤ እኔም ግማሹን አምኜው ነበር።

የመጀመሪያዋ የጨነገፈችው ሌሊት ነው። ጠዋት ጋጣውን ስከፍት ውሻችን እንግዴ ልጁን ወደ ግጦሹ እየጎተተ ሲወስድ አየሁት። ዝም አልኩት። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው።

ውርጃ ሲያመጡ ከሚታወቁት ዋናዎቹ ብሩሴሎሲስና ክላሚዲያ የሚባሉ በባክቴሪያ የሚመጡ በሽታዎች ናቸው። ተህዋሲያኑ በብዛት ያሉት በእንግዴ ልጁ፣ በሽርት ውሃውና ከማህፀን በሚወርደው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ሌሎቹ በጎች ያሸቱታል፣ ይልሱታል፣ የነካውን ሣር ይግጣሉ። ክላሚዲያማ ተንኮለኛ ነው፤ እርግዝናዋ ሊያልቅ ሲል የያዛት በግ ብዙ ጊዜ የምትጨነግፈው በሚቀጥለው እርግዝናዋ ነው። ያኔ ውሻው የጎተተውን ማን ያስታውሳል?

ስለዚህ መጀመሪያ ውሻውን እሰሩ። በሽታው ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ ልጆችን አርቁ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጭራሽ አትጠጋ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በሁለት ድርብ ፌስታል ሸፍኑ፣ ሲያልቅ በሳሙና ታጠቡ። ሳትቀብሩ በፊት ግን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ሽሉና እንግዴ ልጁ ፈሳሽ በማያሳልፍ ፌስታል ታስሮ፣ ሳይሞቅ ቢደርስ ባሕር ዳር ያለው የእንስሳት ላብራቶሪ ሊመረምረው ይችላል። የእናቲቱ ደምም ይወሰዳል። እኔ ጋ መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ምንም ሳይጠይቅ መርፌ ወግቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለክላሚዲያ ሊረዳ ይችላል፤ ብሩሴሎሲስን ግን ከመንጋ አያጠፋም። ስሙ ያልታወቀ በሽታ ላይ ገንዘብ መርጨት ነው።

የቀረውን አቃጥሉ፤ ካልሆነ ጅብ እንዳያወጣው በጥልቁ ቅበሩና ድንጋይ ጫኑበት። ጉዝጓዙንም አቃጥሉ። ጋጣውን በበረኪና ከማጠባችሁ በፊት በጠጡን ጥርግ አድርጉ፤ በጠጥ ላይ የፈሰሰ በረኪና ሥራ አይሠራም። የጨነገፈችውን ለይታችሁ እሰሩ፤ ፈሳሿ ቢደርቅም ውጤቱ ሳይመጣ አትቀላቅሏት። ጡቷ ሞልቷል ብላችሁ ሌላ በግ ከወለደቻቸው መንታዎች አንዷን ሴት ግልገል እንዳትሰጧት። እኔ ያንንም አድርጌዋለሁ።

ብሩሴሎሲስ ከተገኘባት መንጋ ውስጥ አትቆይም። ለጎረቤት መሸጥ ደግሞ በሽታውን ማሻገር ነው። ስትታረድ የሚያርደው ሰው ጓንት ያድርግ፣ ሥጋው በደንብ ይብሰል፤ የሷን ዱለት ለብ ለብ አድርጎ መብላት ይቅር።

አሁን ወደ አውራው። እኛ አገር የወል ግጦሽ ላይ የማን አውራ የማንን በግ እንደሚሰርር አይታወቅም፤ የኔን ጭንቅ ያመጣውም የተውሶ አውራ ሳይሆን አይቀርም። አሁን አውራ ወደ መንጋዬ ሳይገባ እዳብሰዋለሁ። ከኋላው ቁሙ፣ ሁለቱን ቆለጦች በሁለት እጃችሁ ያዙ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያላችሁ ዳብሱ። እኩል መሆን አለባቸው። ከታች ጫፋቸው ላይ ትንሽ እብጠት የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ፤ እሱ ጤነኛ ነው። አንደኛው ካበጠ፣ ከደደረ፣ ወይም ከሌላው ካነሰ ግን መልሱት። የታመመ ሁሉ በእጅ አይታወቅም፤ ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ደሙ ይመርመር።

ከገበያ የተገዛች በግ ቢያንስ አንድ ወር ለብቻዋ ትሰር። ያረገዘች በርካሽ ካገኛችሁ ደግሞ ጠርጥሩ፤ ሰው ደህና ቀን ያረገዘች በግ አይሸጥም። የበጎች መኖ ላይ ድመት እንዳትጸዳዳ ክደኑት፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው አስጨንጋፊ የሚመጣው ከሷ ነው።

በመጨረሻ እኔም ታመምኩ። ትኩሳቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሌሊት ላብ፣ ጉልበቴንና ወገቤን ቁርጥማት። የወባ መድኃኒት ወሰድኩ፣ የታይፎይድም ወሰድኩ። እንዲህ ከታመማችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «በጎቼ ጨንግፈው ነበር፣ በእጄ ነክቻለሁ» በሉ። እኔን ሦስተኛ ቀጠሮዬ ድረስ ማንም አልጠየቀኝም።