ለጅቡቲ ባሕር ቀን ስትቆርጡ ጨረቃዋን እዩ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ለዋና የምትሄዱ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ማታ ወጣ ብላችሁ ጨረቃዋን እዩ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውሃ እንደ ሐይቅ አንድ ቦታ አይቆምም። በቀን ሁለቴ ገደማ ይሞላል፣ ይጎድላል። የዋና ልብስ ለብሳችሁ ስትወጡ ውሃው ሸሽቶ ጭቃና ድንጋይ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ዘዴው ቀላል ነው። የግማሽ ጨረቃን ሰሞን ምረጡ። ጀንበር ስትገባ መስቀል አደባባይ ቆማችሁ ጨረቃዋ ግማሽ ሆና ወደ አናታችሁ ካለች፣ ሰሞኑ ያ ነው። ቀጣዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገደማ ይመጣል።

ለምን? ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ከፀሐይና ከምድር ጋር በአንድ መስመር ትሆናለች። ጨረቃና ፀሐይ ተጋግዘው ውሃውን ይስቡታል፣ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። በግማሽ ጨረቃ ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ስለሚስብ ልዩነቱ ያንሳል። ለውጡ ባሕሩ ላይ የሚታየው አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው።

በውሃው ዳር ዛጎልና ሸርጣን እያዩ መንሸራሸር ለሚፈልግ ግን ተቃራኒው ይሻላል፤ ሙሉ ጨረቃ ላይ ሂዱ። ወሩም ወሳኝ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደህና ነው፣ አርታ አካባቢም ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ይመጣሉ። ሐምሌን ተዉት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ይሄ ዘዴ በባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ ባለው የውሃ ገብ፣ በጉቤት አል-ኸራብ መግቢያ ላይ አይሠራም። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ጅረቱ ኃይለኛ ነው። እዚያ ጀልባ ነጂዎቹን ሳትጠይቁ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ።