ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር፦ ምልክት የሌለውን ሽቦ እንዴት እንለያለን?

ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ራሱ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ሽፋኑ ሲወልቅ ከግድግዳው የሚወጣው ሽቦ ነው። በደንቡ ቡናማው ፌዝ (ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (መመለሻው)፣ አረንጓዴና ቢጫው ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስደው) ነው። ብዙ ቤት ግን ሰራተኛው በእጁ በነበረው ሽቦ ጨርሶታል፤ ሁሉም ቀይ ወይም ሁሉም ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ቀለም አትመኑ፣ ለኩ።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር (ፌዝ ሲነካ የሚበራውን)፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተርና አዲሱን ማብሪያ አዘጋጁ። መልቲሜትር ካላችሁ እሰየው።

መጀመሪያ ቴስተሩን የሚሰራ ሶኬት ላይ ሞክሩት። የተበላሸ ቴስተር ፌዙንም "ባዶ ነው" ይላችኋል። ከዚያ ብሬከሩን አውርዱ። መብራት እስኪሄድ ጠብቆ የሚሰራ ሰው አለ፤ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው፣ መብራት ሲመጣ አያንኳኳም። ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ለጎረቤት ተናገሩ፣ ብሬከሩም ላይ ፕላስተር ለጥፉ። "ጠፋ እንዴ?" ብሎ የሚመልሰው አይጠፋም።

ሽፋኑን ፍቱና እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ንኩ። አንዱም ካልበራ ፎቶ አንሱ።

አሁን ዋናው ምክሬ፦ ሁሉንም ሽቦ አንድ ላይ አትፍቱ። አዲሱን ማብሪያ ከአሮጌው አጠገብ ይዛችሁ፣ አንዱን ሽቦ ፈትታችሁ አዲሱ ላይ በዚያው ቦታ እሰሩ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ማብሪያዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ የመለየት ጣጣ ውስጥ አትገቡም።

ሽቦው ቀድሞ ተፈትቶ ከሆነ ግን መለየት ግድ ነው። ተራ ባለ አንድ ማብሪያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ ፌዝ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ጫፎቹን አራርቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ ጫማ አድርጉ፣ ከዚያ ብሬከሩን መልሱ። ያለው 220 ቮልት ነውና ጫፉን በእጅ መንካት የለም። ቴስተሩን ደምቆ የሚያበራው ፌዙ ነው። ፈዘዝ ያለ ብርሃን አያታላችሁ፤ ጎን ለጎን የተዘረጋ ሽቦ ባዶ ሆኖም ትንሽ ሊያበራ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ብሬከሩን አውርዱና አምፖሉን ፍቱ፣ ከዚያ ብሬከሩን መልሳችሁ እንደገና ለኩ። ቅድም ያበራው ሽቦ አሁን ከጠፋ፣ ፌዙ ይመጣ የነበረው በአምፖሉ በኩል ነው ማለት ነው። ማብሪያው የሚያቋርጠው ኒውትራሉን ነው። እንዲህ ያለ ቤት ማብሪያው ጠፍቶም አምፖል ማቀፊያው ውስጥ ፌዝ አለ፤ አምፖል ሲቀየር ሰው ይይዛል። የኤልኢዲ አምፖል ጠፍቶ ደብዘዝ ብሎ የሚበራበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ባለ ሁለት ማብሪያ ከሆነ ፌዙን ለዩና ብሬከሩን አውርዱ። ፌዙን ከአንዱ ሽቦ ጋር በማብሪያው አስራችሁ ቀሪውን በፕላስተር ሸፍኑ፤ መብራቱን ስትመልሱ የቱ አምፖል እንደሚበራ ታያላችሁ። ወዲያው ፕላስተር ላይ "ሳሎን"፣ "በረንዳ" ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ግን ሦስት ሽቦ ያለው ማብሪያ ነው። ፎቶ ከሌላችሁ ባትነካኩት ይሻላል።

ለማሰር ብሬከሩን እንደገና አውርዱና በቴስተር አረጋግጡ። የሽቦውን ልባስ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡ፣ መዳቡ ከብሎኑ ውጭ እንዳይታይ። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ ሽቦውን ሳብ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ላልቶ የቀረ ሽቦ ይግላል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል። ግራውንድ ካለ አትቁረጡት፤ ማብሪያው ለግራውንድ ቦታ ከሌለው ጫፉን ሸፍናችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡት።

ሽፋኑን ግጠሙና አብሩ። ትንሽ ቆይታችሁ ሽፋኑን በእጃችሁ ዳሱት። ከሞቀ ወይም "ጢዝ" የሚል ድምፅ ካለ ብሬከሩን አውርዳችሁ ብሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ።