ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳን በዋየርጋርድ ማገናኘት

ደብረ ብርሃን ላይ ባና እና ምንጣፍ የሚሸጡ አንድ ደንበኛዬ መሐል ሜዳ ሁለተኛ ሱቅ ከፈቱ። የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራማቸው ያለው ደብረ ብርሃን ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ነው። «ልጄ፣ የመሐል ሜዳው ልጅ እዚያው ሆኖ እንዲመዘግብ አድርጊልኝ። ዋጋዬን ግን መንገድ ላይ ማንም እንዳያይብኝ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሱቆችም ይህንኑ ሠርቻለሁ። የምጠቀመው ዋየርጋርድን ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በሁለት ማሽኖች መካከል የተመሰጠረ ዋሻ (ቪፒኤን) የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ያው ስለሆነ ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን ጋሼ የፈሩት ነገር እውነት መሆኑን በዓይናችሁ እዩት። ቢሮው ውስጥ ካለ ሌላ ኮምፒውተር አንድ ሽያጭ ሲመዘገብ፣ ፕሮግራሙ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ጻፉ። ቲሲፒደምፕ በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም ነው።

ሱዶ ቲሲፒደምፕ -ኤ -አይ ኤኒ ፖርት 8080

8080 የእሳቸው ፕሮግራም ፖርት ነው፤ የእናንተን ተኩ። መረጃው ሳይመሰጠር የሚሄድ ከሆነ ፓስወርዱ፣ ዋጋው፣ የደንበኛው ስልክ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። አማርኛው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከመጣ እንዳትሸወዱ። ቲሲፒደምፕ የአማርኛ ፊደል ማሳየት ስለማይችል ነው እንጂ የሚያነብ ፕሮግራም ያለው ሰው ያነበዋል።

ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በስልክ እንደማነባቸው ነው። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ነው የሚጻፉት፤ የቲሲፒደምፕ -ኤ እና የ«አፍሪካ/አዲስ_አበባ» መነሻ ፊደሎች ብቻ በትልቁ ናቸው። ደብልዩጂ ስል ሁለቱን ፊደሎች ብቻ ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ አለመሆኑንም አረጋግጡ። በተለይ ሱዶ ፓስወርድ ሲጠይቅ የምትጽፉት ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ «ፓስወርዴ ተቀየረ» ብሎ የደወለልኝ ሰው ብዙ ነው።

ለምን ዋየርጋርድ? ነጻ ነው፤ በፈረንጆቹ 2020 ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 5.6 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል። የጻፈው ጄሰን ዶነንፌልድ ነው። እኔ የምወድለት ግን ምርጫ አለመስጠቱን ነው። ምስጠራው ቻቻ20ና ፖሊ1305 ነው፣ አለቀ። የትኛውን ልምረጥ ብሎ ማሰብ የለም፤ ደካማውን መርጦ መቅረትም የለም።

የሚያስፈልጉት ሦስት ማሽኖች ናቸው። የቢሮው፣ የመሐል ሜዳውና መሃል ላይ የሚቀመጥ ኪራይ ሰርቨር። መሃለኛው የሚያስፈልገው ሁለቱም ሱቆች ኢንተርኔት የሚያገኙት በሲም ራውተር ስለሆነ ነው። በሲም የሚሠራ ራውተር ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አይፒ የለውም። ወደ ውጭ መውጣት ይችላል፣ ከውጭ ግን አንኳኩቶ የሚገባበት የለም። ስለዚህ ሁለቱም ወደ ሰርቨሩ ይወጡና እዚያ ይገናኛሉ። የሰርቨሩን ኪራይ ውጭ ያለ የጋሼ ዘመድ ነው የሚከፍለው፤ የዶላሩን ነገር ታውቁታላችሁ።

ሦስቱም ላይ ይህን አድርጉ።

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዋየርጋርድ
ሱዶ -አይ
ሲዲ /ኢቲሲ/ዋየርጋርድ
ዩማስክ 077
ደብልዩጂ ጄንኪ | ቲ ሚስጥር | ደብልዩጂ ፐብኪ > ይፋ

ቲ የምትጻፈው በቲና በሁለት ኢ ነው። ሚስጥርና ይፋ ያልኳቸው የፋይል ስሞች ናቸው፤ የፈለጋችሁትን ስም ስጧቸው። ዩማስክ 077ን አትዝለሉ። እሷ ካልቀደመች የሚስጥር ቁልፉን ፋይል ሌላ ተጠቃሚም ሊያነበው የሚችል ሆኖ ይፈጠራል።

አሁን እያንዳንዱ ማሽን ሁለት ቁልፍ አለው። ሁለቱም 44 ፊደል ናቸው፣ ሁለቱም በእኩል ይሆናል ምልክት ያልቃሉ፤ ሲያዩዋቸው አይለዩም። ይፋውን በቴሌግራም ላኩት፣ ግድ የለም። ሚስጥሩ ግን ከተፈጠረበት ማሽን አይወጣም። ለእኔም አይላክም። «እትዬ፣ ሁለቱንም ልላክልሽና አንቺ ለይው» የሚለኝ ሰው ሲኖር «ሁለቱንም አጥፍተህ አዲስ ፍጠር» ነው መልሴ። ደግሞ ቁልፍ በስልክ አይነበብም። ኦና ዜሮ፣ ትልቁ አይና ትንሿ ኤል ይምታታሉ። ኮፒ አድርጎ መላክ ነው።

ቀጥሎ ሰርቨሩ ላይ «ናኖ ደብልዩጂ0.ኮንፍ» ብላችሁ ይህን ጻፉ። ፒር የሚለው በዋሻው ሌላ ጫፍ ያለውን ማሽን ነው።

[ኢንተርፌስ]
አድረስ = 10.77.0.1/24
ሊስንፖርት = 51820
ፕራይቬትኪ = የሰርቨሩ ሚስጥር ቁልፍ

[ፒር]
ፐብሊክኪ = የቢሮው ይፋ ቁልፍ
አላውድአይፒስ = 10.77.0.2/32

[ፒር]
ፐብሊክኪ = የመሐል ሜዳው ይፋ ቁልፍ
አላውድአይፒስ = 10.77.0.3/32

መሐል ሜዳ ላይ ደግሞ ይህን።

[ኢንተርፌስ]
አድረስ = 10.77.0.3/24
ፕራይቬትኪ = የመሐል ሜዳው ሚስጥር ቁልፍ

[ፒር]
ፐብሊክኪ = የሰርቨሩ ይፋ ቁልፍ
ኢንድፖይንት = የሰርቨሩ አይፒ:51820
አላውድአይፒስ = 10.77.0.0/24
ፐርሲስተንትኪፕአላይቭ = 25

የቢሮው ከመሐል ሜዳው ጋር አንድ ነው፤ አድረሱ 10.77.0.2 ይሁን፣ ሚስጥር ቁልፉም የራሱ።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው አላውድአይፒስ ላይ ነው። ይህ መስመር በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ወጪውንም ገቢውንም ይጠይቃል። ሲወጣ፣ ወደ 10.77.0.3 የሚሄድ ነገር በየትኛው ቁልፍ ተመስጥሮ ለማን ይላክ የሚለውን ይወስናል። ሲገባ፣ በዚያ ቁልፍ ተመስጥሮ የመጣው ነገር «ከ10.77.0.3 ነኝ» ካላለ ይጥለዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ለሁለት ፒር አንድ ዓይነት አይፒ ከሰጣችሁ ኋላ የተጻፈው ይወስደዋል፣ የፊተኛው ባዶውን ይቀራል። ስህተት ነው ብሎ የሚነግራችሁም የለም።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ መመሪያዎች እዚህ መስመር ላይ 0.0.0.0/0 ያስጽፋሉ። ያ ማለት ፌስቡኩም ዩቲዩቡም፣ ሁሉም ነገር በሰርቨሩ ዞሮ ይሂድ ማለት ነው። ለሱቅ አያስፈልግም። ሰርቨሩ ላይ ተጨማሪ ሥራ አለው፤ መንገዱን ያረዝማል፤ ሰርቨሩ የቆመ ቀን ደግሞ ሱቁ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አያገኝም። የሱቁ ነገር ብቻ በዋሻው ይሂድ፣ ሌላው በራሱ መንገድ።

25 የምትለዋ በ25 ሰከንድ አንዴ ትንሽ ፓኬት ላክ ማለት ናት። ወሬ ከጠፋ የሲም ኔትወርኩ መስመሩን ይዘጋዋል። ይችን መስመር ከተዋችሁ ቢሮው ለመሐል ሜዳ መላክ የሚችለው መሐል ሜዳ በቅርቡ አንድ ነገር ከላከ ብቻ ነው። ኢንድፖይንት ላይም ስም ሳይሆን የአይፒ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኔትወርኩ ገና ካልመጣ ስሙን ወደ ቁጥር መቀየር ያቅተዋል።

ሰርቨሩ ላይ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ከአንዱ ፒር ተቀብሎ ለሌላው እንዲያስተላልፍ ፍቀዱለት። /ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ ውስጥ በ.ኮንፍ የሚያልቅ አዲስ ፋይል ፍጠሩና ይህችን መስመር ጻፉበት፤ ከዚያ «ሲስሲቲኤል --ሲስተም»።

ኔት.አይፒቪ4.አይፒ_ፎርዋርድ = 1

ሁለተኛ፣ ፋየርዎሉ። ኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ የምትገቡበት) አስቀድሞ መፈቀዱን እዩ፣ አለበለዚያ ራሳችሁን ከሰርቨሩ ትቆልፋላችሁ። ከዚያ፦

ዩኤፍደብልዩ አላው 51820/ዩዲፒ
ዩኤፍደብልዩ ራውት አላው ኢን ኦን ደብልዩጂ0 አውት ኦን ደብልዩጂ0

ዩዲፒ ነው፣ ቲሲፒ አይደለም። አከራዩ በድረ ገጹ ላይ የራሱ ፋየርዎል ካለው እዚያም ይከፈት።

ሦስቱም ላይ አስነሱት። ሁለተኛዋ መስመር ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ ነው።

ደብልዩጂ-ኩዊክ አፕ ደብልዩጂ0
ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ደብልዩጂ-ኩዊክ@ደብልዩጂ0

እዚህ ጋ አትደሰቱ። ዋየርጋርድ ቁልፉ የተሳሳተም ቢሆን «ተነስቻለሁ» ነው የሚለው። ተነሳ ማለት ተገናኘ ማለት አይደለም። መሐል ሜዳ ላይ «ደብልዩጂ ሾው» በሉ። «ሌተስት ሃንድሼክ» የሚል መስመር፣ ከሁለት ደቂቃ ገደማ ያልበለጠ ቁጥር ይዞ ካለ ተጨባብጠዋል። መስመሩ ጭራሽ ከሌለ አልተጨባበጡም። ያኔ ሰርቨሩ ላይ ይህን ክፈቱ።

ቲሲፒደምፕ -ኤንአይ ኢቲኤች0 ዩዲፒ ፖርት 51820

የኔትወርክ ካርዱ ስም ኢቲኤች0 ካልሆነ «አይፒ አድር» ይነግራችኋል። አሁን የፓኬቶቹን ርዝመት ተመልከቱ። ርዝመት 148 የመጨባበጫ ጥያቄ ነው። 92 መልሱ ነው። 32 በየ25 ሰከንዱ የምትመጣዋ ናት። 148 መጥቶ 92 ከተመለሰ ነገሩ አልቋል። 148 በየአምስት ሰከንዱ እየመጣ ሰርቨሩ ዝም ካለ ጥያቄው ደርሷል፣ ሰርቨሩ ግን አልተቀበለውም፤ ወይ ቁልፍ ተቀያይሯል፣ ወይ የሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል 51820ን አልፈቀደም ማለት ነው። ዋየርጋርድ ለማያውቀው ሰው መልስ አይሰጥም፣ «ተሳስተሃል» እንኳ አይልም። ምንም ካልመጣ ደግሞ ችግሩ ከዚያ በፊት ነው፤ የሰርቨሩ አይፒ፣ ፖርቱ ወይም የአከራዩ ፋየርዎል።

ቁልፉ ትክክል ሆኖ ሰርቨሩ ዝም የሚልበት አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ይህን የትም መመሪያ ላይ አላየሁትም፣ እኛ ጋ ግን ያጋጥማል። የመሐል ሜዳው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ሞታለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ አብሮ ይጠፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ልጁ ደወለ።

«እትዬ፣ እምቢ አለኝ።»

«ኮምፒውተሩ ስንት ሰዓት ይላል?»

«ስምንት ሰዓት። አሁን በእጄ አስተካከልኩት፣ ልክ ነው።»

ልክ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ኮምፒውተሩ ግን ከጠዋቱ 8 ሰዓት አድርጎ ነው የወሰደው፤ መሆን የነበረበት 14 ሰዓት ነው። ዋየርጋርድ ሲጨባበጥ የላኪውን ሰዓት አብሮ ይልካል። ሰርቨሩ ከዚያ ቁልፍ ያየውን የመጨረሻ ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ ያነሰ ከመጣ አይቀበልም። አሮጌ ፓኬት ቀድቶ መልሶ የሚልክ ሌባ እንዳይኖር ነው። የእኛው ልጅ መብራት ከመጥፋቱ በፊት 13 ሰዓት ከምናምን የሚል ልኳል፣ አሁን ደግሞ 8 ይላል። በሰርቨሩ ዓይን ሌባ ነው። ሰዓቱን በእጅ አትንኩ፣ ይህን ጻፉና ተዉት።

ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ
ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ

ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያመጣል። ሁሉን ነገር በዋሻው ብናሳልፍ ኖሮ ይህም አይሠራም ነበር፤ ዋሻው በሰዓቱ ምክንያት ተዘግቷል፣ ሰዓቱ ደግሞ በዋሻው ካልሆነ አይመጣም። ባትሪዋንም ለውጡ፣ ርካሽ ናት።

ተጨባብጠው ግን ከመሐል ሜዳ 10.77.0.2 ፒንግ ካላደረገ፣ መጀመሪያ 10.77.0.1ን ሞክሩ። እሱ ከመለሰ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ያለችው የማስተላለፊያ መስመር ወይም የፋየርዎሉ ራውት ናት፤ ወይም ቢሮው ውስጥ መብራት የለም። ፒንግ እየሠራ ገጹ ግማሽ ላይ ቀጥ ካለ ፓኬቱ ለሲም ኔትወርኩ በዝቶበታል። ኢንተርፌስ ከሚለው ሥር ኤምቲዩ = 1280 ጨምሩ።

አሁን ፕሮግራሙን በ10.77.0.2 ከፍታችሁ ያንኑ ሽያጭ ከመሐል ሜዳ መዝግቡና እዚያው ሁለት ተርሚናል ጎን ለጎን ክፈቱ። በአንዱ ቲሲፒደምፕን በ-ኤ ደብልዩጂ0 ላይ፣ በሌላው በዋይፋይ ካርዱ ላይ። ደብልዩጂ0 ላይ ዋጋው እንደ በፊቱ ይነበባል፣ ምክንያቱም ገና አልተመሰጠረም። ዋይፋዩ ላይ ሽያጩን ወደ ሰርቨሩ የሚሄድ ዩዲፒ ሆኖ ብቻ ታዩታላችሁ፣ ውስጡ ትርጉም የለሽ ነው። ለጋሼ ያሳየኋቸው ይህንን ነው፤ ስለ ቻቻ20 አንድም ቃል አልነገርኳቸውም።

ሁለት ነገር ግን እንዲያውቁ አድርጌያለሁ። ዋየርጋርድ የምትልኩትን ይሸፍናል እንጂ ከማን ጋር እንደምትገናኙ አይደብቅም። ሁለተኛው፣ ምስጠራው ሰርቨሩ ላይ ተፈትቶ እንደገና ይመሰጠራል። ሰርቨሩን የያዘ ሰው ከፈለገ ያያል። ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ኤችቲቲፒኤስ ይኑረው፤ ቢያንስ የሰርቨሩን ፓስወርድ ለማንም አትስጡ።

ላፕቶፕ ከተሰረቀ ወይም ሠራተኛ ይዞት ከሄደ ሰርቨሩ ላይ፦

ደብልዩጂ ሴት ደብልዩጂ0 ፒር የዚያ ላፕቶፕ ይፋ ቁልፍ ሪሙቭ

ወዲያው ይቆረጣል። ይህ ግን ፋይሉን አይነካም። ደብልዩጂ0.ኮንፍን ክፈቱና የዚያን ላፕቶፕ ፒር ከነመስመሮቹ ሰርዙ። ካልሰረዛችሁት ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር የተሰረቀው ላፕቶፕም ተመልሶ ይገባል።