የደንበኛን ኢሜይል ወደ ሌላ ሰርቨር ስታዛውሩ

የደንበኛችሁን ኢሜይል ወደ ሌላ ድርጅት ሰርቨር ልታዛውሩ ከሆነ፣ የዲኤንኤሱን (የዶሜይኑን አድራሻዎች መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ሰርቨሮች መረጃውን ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ቀድማችሁ አሳጥሩ። ብዙ ጊዜ 86400 ሰከንድ፣ ማለትም ሙሉ ቀን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዝውውሩ ሁለት ቀን በፊት የኤምኤክሱን (ኢሜይል ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚናገረውን የዲኤንኤስ መዝገብ) ቲቲኤል ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት። በዕለቱ ብታሳጥሩት ብዙም አይጠቅምም፤ አሮጌው መረጃ በየቦታው ተይዞ ይቆያል።

አካውንቶቹን፣ አሊያሶቹንም (ወደ ሌላ አካውንት የሚያደርሱ ተጨማሪ አድራሻዎችን) ጭምር፣ አዲሱ ሰርቨር ላይ አስቀድማችሁ ክፈቱ። አንድ አድራሻ ከተረሳ ወደ እሱ የተላከው መልእክት ለላኪው ይመለሳል፤ ደንበኛው ላያውቅም ይችላል። ከዚያ በአይማፕሲንክ (ኢሜይልን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር በሚቀዳ ፕሮግራም) የቆዩትን መልእክቶች ቅዱ፣ ኤምኤክሱን ቀይሩ፣ በማግስቱ ደግሞ ቅጂውን ድገሙት። በመሃል አሮጌው ሰርቨር ላይ ያረፉት የሚገኙት በዚህ ሁለተኛ ዙር ነው። ቀድሞ የተቀዳውን አይደግምም፣ አትስጉ።

ፖፕ3 (መልእክቶችን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ የሚያጠፋ ዘዴ) የሚጠቀም ሠራተኛ ካለ ግን ተጠንቀቁ! መልእክቶቹ ያሉት ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ባካፕ ያዙለት። ኮንታክትና ካላንደርም በአይማፕ (አይማፕሲንክ በሚጠቀምበት የኢሜይል ዘዴ) አይሄዱም፣ ለብቻቸው ኤክስፖርት ይደረጋሉ። ኤስፒኤፍና ዲኪም (ኢሜይሉ በእርግጥ ከዶሜይኑ የተላከ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያገለግሉ የዲኤንኤስ መዝገቦች) ካልተስተካከሉ ደግሞ የሚልኩት ሁሉ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። አሮጌውን አካውንት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አትዝጉት፣ ደንበኛው ቢቸኩል እንኳ።