የራውተርን ሶፍትዌር እንዴት አፕዴት እናደርጋለን? መጀመሪያ ራውተሩን ገልብጡት

ስልካችን አፕዴት ሲጠይቀን እሺ ብለን እናልፋለን። ላፕቶፓችንም ሌሊት ተኝተን ሳለ ራሱን ያድሳል። አንዱን የኢንተርኔት መስመር ለቤቱ ሁሉ የሚያካፍለው ራውተር ግን ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ትዝ የሚለን ዋይፋይ ሲጠፋ ብቻ ነው። ያኔም ነቅለን እንሰካዋለን። ከተመለሰ እሰየው፣ ነገሩ ይረሳል።

ራውተር ግን ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር አለው፣ ሜሞሪ አለው፣ ውስጡም ፈርምዌር የሚባል ሶፍትዌር ይሠራል። ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑና ላፕቶፑ ቤት ውስጥ የየራሳቸው አድራሻ አላቸው። ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም የሚወጡት በራውተሩ አድራሻ ነው። ማን ምን እንደጠየቀ መዝግቦ መልሱን ለየባለቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ሰርጎ ገቦች የሚገቡበት ቀዳዳ ካለ ጣጣው ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ አደገኛ ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን መያዙ ታወቀ። ብዙዎቹ ቀዳዳቸው አስቀድሞ በይፋ የታወቀ፣ ግን ያልታደሱ መሣሪያዎች ነበሩ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ መከረ። ማጥፋትና ማብራቱ ግን የሚያጠፋው ከፊሉን ብቻ ነበር፤ ሥሩ እዚያው ይቀራል። ነቅሎ መሰካት የማያድንበት ጊዜ አለ የምለው ለዚህ ነው።

አፕዴቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ዝግጅቱ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። እኔ ያቺን ግማሽ ሰዓት ለመቆጠብ ብዬ ሁለት ቀን ያለ ኢንተርኔት ከርሜያለሁ። ከዚህ በታች ዝግጅቱ ላይ ብዙ የምቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

1. ወደ ራውተሩ ግቡና ያለውን ሁሉ ፎቶ አንሱ

የራውተሩ የውስጥ ገጽ በብሮውዘር ይከፈታል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ሁለቱም ካልሠሩ በስልካችሁ ወይም በኮምፒውተራችሁ የኔትወርክ መረጃ ውስጥ ጌትዌይ የሚለውን ቁጥር እዩ፤ እሱ ነው። የመግቢያው ፓስወርድ ካልተቀየረ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሥር ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

ከገባችሁ በኋላ ምንም ሳትነኩ ስልካችሁን አውጡና እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ፣ ለካሜራ ወይም ለፕሪንተር የከፈታችሁትን ፖርት (የመገናኛ በር)፣ የዲኤንኤስ ቁጥሮችን (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይሩትን)፣ ሁሉንም። ከሁሉ በላይ ግን ኢንተርኔት የሚለውን ገጽ እንዳትዘሉት። አንዳንድ መስመር የሚገናኘው ኢንተርኔት አቅራቢው በሰጣችሁ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ነው። ይህ ከዋይፋይ ፓስወርድ የተለየ ነው። ገጹ ላይ ፓስወርዱ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ስለሚታይ ፎቶው ብቻውን አይበቃም። ወረቀቱን ፈልጉ፣ ከጠፋ ደውላችሁ ጠይቁና ጻፉት።

ባክአፕ የሚል ቁልፍም አለ። ተጫኑትና ፋይሉን አስቀምጡ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትተማመኑበት። በአሮጌው ቨርዥን የተቀመጠ ባክአፕ አዲሱ ላይ አልጫን የሚልበት ጊዜ አለ። ፎቶ ግን ሁልጊዜ ይነበባል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ፎቶውን እመርጣለሁ።

እግረ መንገዳችሁን አሁን ያለውን የፈርምዌር ቁጥር ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ።

2. ራውተሩን ገልብጡት

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው።

ራውተሩን ገልብጣችሁ ሥሩ ያለችውን ወረቀት አንብቡ። የአምራቹ ስም፣ ከሱ ቀጥሎ ሞዴሉ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ዓይናችሁን ትንሽ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ውሰዱት። ከሲሪያል ቁጥሩ አካባቢ በጣም ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ የእንግሊዝኛው ቪ ፊደልና ከጎኗ አንድ ቁጥር። 1 ሊሆን ይችላል፣ 2 ሊሆን ይችላል፣ 5.1 ሊሆን ይችላል። በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት፤ በዓይን 3ቱን ከ8 መለየት ያስቸግራል።

ይህ የሃርድዌር ቨርዥን ይባላል። አምራቾች አንድን ሞዴል በዚያው ስም፣ በዚያው መልክ ለዓመታት ይሸጡታል። ውስጡን ግን ይቀይሩታል። ቨርዥን 1 ላይ የነበረው ቺፕ ቨርዥን 2 ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሜሞሪውም ሊያንስ ይችላል። ከውጭ መንታ ይመስላሉ፤ ከውስጥ ግን ዝምድናቸው የስም ብቻ ነው። ለአንዱ የተሠራ ፈርምዌር ለሌላው አይሆንም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የአምራቹን ገጽ ከፈትኩ፣ የሞዴሌን ስም ጻፍኩ፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን ፋይል አወረድኩ። ራውተሬ ቨርዥን 2 ነበር። ያወረድኩት ለቨርዥን 1 ነው። ብዙ ራውተሮች የማይመለከታቸውን ፋይል ሲያዩ አልቀበልም ይላሉ። የኔው አሮጌ ነበርና ተቀበለው። የመጫኛው መስመር እስከ 100 በመቶ ሞላ፣ ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ አበራ። ከዚያ ጉዱ ፈላ። የፊት መብራቶቹ በሙሉ እኩል ይበራሉ። ጥቂት ሰከንድ ይቆያሉ። እኩል ይጠፋሉ። እንደገና እኩል ይበራሉ። ቁጭ ብዬ አየሁት፣ አላቆመም። ለመነሳት ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል።

ሁለተኛው ጣጣ ወዲያው መጣ። መፍትሔውን የምፈልገው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ በዚያው ራውተር ነበር የሚመጣው። በስልክ ዳታ ስፈልግ አመሸሁ። በመጨረሻ እንደኔው ዓይነት ራውተር የማዳኛ መንገድ እንዳለው አገኘሁ። የሪሴት ቁልፉን ተጭኖ ይዞ ማብራት፣ ኮምፒውተሩን በኬብል ማገናኘት፣ ለኮምፒውተሩ የተወሰነ አድራሻ መስጠት፣ ከዚያ ራውተሩ ትክክለኛውን ፋይል ከኮምፒውተሩ ራሱ ጎትቶ ይጭናል። በስንተኛው ሙከራ ሠራ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሁሉም ነገር ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ነበርና የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠኝን የተጠቃሚ ስም ጠየቀኝ። የትም አልጻፍኩትም። ሁለተኛው ቀን ያለቀው እሱን ስፈልግ ነው።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ላይ እነዚህን አስቀምጡ፦ ለሞዴላችሁም ለሃርድዌር ቨርዥናችሁም የሆነውን አዲሱን ፋይል፣ ከተገኘ አሁን እየሠራ ያለውን አሮጌውን ፋይል፣ እንዲሁም የአምራቹን የማዳኛ መመሪያ። ገጹን ሴቭ አድርጉት፣ ወይ ፎቶ አንሱት። ራውተሩ ከተበላሸ በኋላ በዚያው መስመር ልታወርዱት አትችሉም።

ፋይሉን ስታወርዱ የሚታዩ ሌሎች ነገሮች አሉ። አንዳንድ አምራቾች ፋይሎቻቸውን በአገር ወይም በክልል ይለያሉ፤ ራውተራችሁ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ብዙ ጊዜ ያችው ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ከዚያው ጋር አመሳክሩ። ፋይሉ በዚፕ ከመጣ ፍቱት፤ ራውተሩ የሚፈልገው ውስጥ ያለውን ነው። ከማውረጃው አጠገብ ያለውን አጭር ማስታወሻም አንብቡ። «መጀመሪያ እገሌ የሚባለውን ቨርዥን ጫኑ» ወይም «ከዚህ በኋላ ወደ አሮጌው መመለስ አይቻልም» የሚል ሊኖርበት ይችላል። ከአምራቹ ገጽ ውጭ፣ ከፋይል ማከማቻ ድረ ገጾች ፈርምዌር አታውርዱ። ማን እንደነካካው አታውቁም።

ራውተሩን የሰጣችሁ ኢንተርኔት አቅራቢው ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ለነሱ ተብሎ የተስተካከለ ሶፍትዌር ነው፤ ከርቀት የሚያድሱትም እነሱ ናቸው። ደውላችሁ የመጨረሻው አፕዴት መቼ እንደተጫነ ጠይቁ። ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ አትጫኑበት።

3. በኬብል አገናኙ፣ መብራቱን አስተማምኑ

በዋይፋይ አትሞክሩት። ፋይሉ እየሄደ ዋይፋዩ ለአፍታ ቢቆረጥ ሥራው መሃል ላይ ይቀራል። ብዙ ራውተሮች ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ሳያረጋግጡ መጻፍ አይጀምሩም፣ ግን የናንተው ከነዚህ መሆኑን በዚህ መንገድ መፈተን የለባችሁም። ላፕቶፓችሁ የኬብል ቀዳዳ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር አለ። እኔ ከራውተሩ ጋር አንድ ቦታ ነው የማስቀምጠው።

ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ካላችሁ ራውተሩን እሱ ላይ ሰኩት፣ ከሌላችሁ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጡ። ለቤተሰቡም ቀድማችሁ ንገሩ። ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ካለ ይጨርስ፤ አለበለዚያ መሃል ላይ መጥቶ «ምን ሆነ?» እያለ ራውተሩን የሚነካካ አይጠፋም።

4. ጫኑት፣ እጃችሁን ሰብስቡ

ሲስተም ወይም አድቫንስድ በሚለው ክፍል ውስጥ ፈርምዌር አፕግሬድ የሚል ታገኛላችሁ። ፋይሉን ምረጡ፣ እሺ በሉ።

ከዚህ በኋላ ምንም አትንኩ። ራውተሩ አሁን የሚያደርገው አሮጌውን ሶፍትዌር ከሜሞሪው ላይ አጥፍቶ በቦታው አዲሱን መጻፍ ነው። ብዙዎቹ ላይ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ገና ሙሉ ያልሆነበት ቅጽበት አለ። መብራት ቢጠፋ ወይም ሰው ቢነቅለው ራውተሩ የሚነሳበት ነገር አይኖረውም። ገጹ ቢደርቅ፣ ብሮውዘሩ «ገጹ አልተገኘም» ቢል አትደንግጡ። ራውተሩ እየተነሳ ስለሆነ ነው። ገጹንም ሪፍሬሽ አታድርጉት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የተለመደ ነው። እኔ እስከ 10 እታገሳለሁ፣ ሰዓትም እይዛለሁ፤ ሲጠብቁት 2 ደቂቃ 20 ይመስላልና።

ራውተራችሁ በአፕ ወይም በአንድ ቁልፍ ራሱ ፈልጎ የሚያድስ ከሆነ ያንን ተጠቀሙ። ፋይሉን የሚመርጠው እሱ ስለሆነ የኔ ዓይነት ስህተት ውስጥ አያስገባችሁም። አውቶማቲክ አፕዴት ካለውም አብሩትና ሰዓቱን ሌሊት አድርጉት። አንዳንዴ ግን ቁልፉ «አዲስ ነገር የለም» እያለ የአምራቹ ገጽ ላይ አዲስ ይቀመጣል። በየጥቂት ወሩ ብቅ ብሎ ማየት አይከፋም።

5. ከተነሳ በኋላ

ግቡና የፈርምዌሩ ቁጥር መቀየሩን እዩ። ከዚያ ፎቶዎቹን አውጡና ገጽ በገጽ አመሳክሩ። አንዳንድ አፕዴት ያጠፋችሁትን ነገር መልሶ ያበራል። በተለይ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን በቁልፍ ወይም በፒን ማገናኛ፣ ደግሞም ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችለውን አማራጭ እዩ። ሁለቱም ካላስፈለጓችሁ ይጥፉ። የመግቢያው ፓስወርድ አሁንም «አድሚን» ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩት፤ ፓስወርዱ እንደዚያ ከቀረ አፕዴቱ ብቻውን አይጠብቃችሁም።

ዋይፋዩ ከአፕዴቱ በኋላ መቆራረጥ ከጀመረ ወዲያው አዲሱን ቨርዥን አትውቀሱት። ፋብሪካ ሪሴት አድርጉትና ሴቲንጉን ከፎቶው እያያችሁ በእጅ አስገቡ። የድሮ ሴቲንግ አዲሱ ላይ ተሸጋግሮ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ የሚያስተካክለው ይህ ነው።

ኢንተርኔቱን የምታካፍሉት በራውተር ሳይሆን በዊንዶውስ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ አፕዴት የምታደርጉት ዊንዶውሱንና የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ነው። እዚያም ቢሆን አፕዴቱ ራሱ ጣጣ ያመጣበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ሆትስፖት ተከፍቶ ሌላ መሣሪያ ሲገናኝ የኮምፒውተሩን የራሱን ኢንተርኔት ያቋርጥ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ብዙም ሳይቆይ አስተካከለው። ከአፕዴት በኋላ ማካፈሉ ዝም ካለባችሁ በኔትወርክ ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ የማካፈያውን ምልክት አንሱና መልሳችሁ አድርጉ። ሌሎቹ መሣሪያዎች በ192.168.137 የሚጀምር አድራሻ ካገኙ በተለመደው አሠራር ማካፈሉ ተመልሷል ማለት ነው።

አምራቹ ገጽ ሄዳችሁ የመጨረሻው ፋይል ዓመታት ያለፉት ሆኖ ካገኛችሁት፣ ያ ራውተር ተረስቷል። ሁለት መንገድ አለ። መተካት፣ ወይም ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጫን። ይህ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው፤ አምራቹ የተወውን ራውተር ለዓመታት ሊያቆይላችሁ ይችላል። የሚደግፋቸው ራውተሮች ዝርዝር ውስጥ ስትፈልጉ ግን እዚያም የሃርድዌር ቨርዥኑ ለብቻው ነው የተጻፈው። ተመልሳችሁ ራውተሩን ገልብጡት።

እኔ አሁን ከዚያች ከሥሩ ካለችው ወረቀት ጎን ነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ላዩ ላይ የፈርምዌሩን ቁጥርና የጫንኩበትን ቀን እጽፋለሁ። በቀጣዩ ጊዜ ስገለብጠው ሁለቱንም አንድ ላይ አነባቸዋለሁ።