‘ጎ’ የታይላንድ ፊደል የሆነችበት ኮምፒውተር፦ በአሮጌ ማሽን ላይ ስህተት ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች አንዲት አይቡክ ጂ4 የተባለች የአፕል ላፕቶፕ አለችኝ። ፕሮሰሰሯ ፓወርፒሲ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ኢንቴል እንደሚዞር አስታውቆ የተወው ዓይነት። እኔና ጓደኛዬ በአማርኛ ቃላት የምትጻፍ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ሠርተን ነበርና ቋንቋዋን የሚያስኬደውን ሞተር፣ ማለትም ራንታይሙን፣ አይቡኳ ላይ ልንሞክረው አሰብን። እዚያው ላይ ኮምፓይል እንዳናደርግ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ እንዳንተረጉም) ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፤ የአይቡኳ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ደግሞ ሥራ እስክንጨርስ አይጠብቀንም። ስለዚህ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ለአሮጌዋ የሚሆነውን ፋይል እያዘጋጀን በፍላሽ ማሻገር ያዝን። ክሮስ ኮምፓይል የሚባለው ይኸው ነው። አዲሱ ላይ ያለ እንከን የሚሄደው ሞተር ግን አይቡኳ ላይ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ ማንበብ አቃተው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ሁሉንም ሠርተናቸዋል።

«ኮምፓይለሩ ነው» ማለት

ሁለት ቀን ያባከንነው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ማሽን ላይ የሚሠራ ኮድ ትክክል ነው ብሎ ማመን ይቀናል፤ ስለዚህ ጣት የሚቀሰረው ወደ ኮምፓይለሩ ወይም ወደ አሮጌው ዕቃ ነው። የኔታ አንድ ልጅ ሀሁን በዜማ ብቻ ይዞት እንደሆነ ለማወቅ ሲፈልጉ አቡጊዳን ያስቆጥሩታል። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ተዛውሯል። ፊደሉን ሳይሆን ቦታውን የለመደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ፓወርፒሲም በእኛ ኮድ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ባይት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል

ሞተሩ በተጻፈበት በሲ ቋንቋ ‘ቻር’ የተባለው ባለ አንድ ባይት ዓይነት ነጌቲቭ ቁጥር ይይዝ እንደሆነ ደንቡ አይወስንም። በኢንቴል ሊኑክስ ላይ ከ−128 እስከ 127 ይይዛል፤ አይቡኳ በምትሠራበት በፓወርፒሲ ሊኑክስ ላይ ከ0 እስከ 255። በእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ የሚሠራ ሰው ልዩነቱን ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል፤ የእንግሊዝኛ ፊደላት ከ127 አያልፉምና። አማርኛ ግን ወዲያውኑ ያጋልጣል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የማስቀመጫ ደንብ) ‘ጎ’ ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 140፣ 142። አዲሱ ላፕቶፕ 225ን −31 ብሎ ያነበዋል። እኛም ስንፍና ይዞን «ባይቱ ከዜሮ ካነሰ የአማርኛ ፊደል ነው» የሚል መስመር ጽፈን ነበር። አይቡኳ ላይ ከዜሮ የሚያንስ ‘ቻር’ የለም፤ ስለዚህ ሞተሩ ያገኘውን የአማርኛ ቃል ሁሉ አላውቅህም አለ።

ይህን ካረምን በኋላ ደግሞ ፋይል አንብቦ መጨረስ አቃተው። የፋይል መጨረሻን የሚያመለክተውን −1 በ‘ቻር’ ውስጥ ስናስቀምጠው 255 ሆኖ ይቀራል፤ 255 ከ−1 ጋር እኩል የሚሆንበት ቀን የለም፣ ዙሩም ማለቂያ የለውም። ‘ቻር’ን በሁሉም ማሽን ላይ ባለ ምልክት (ነጌቲቭም የሚይዝ) የሚያደርግ የኮምፓይለር ትእዛዝ አለ። ለምርመራ ይጠቀሙበት፤ ችግሩ ከጠፋ ምንጩን አግኝተዋል። መድኃኒት አድርገው ግን አይተዉት፤ ኮዱን ራሱን ያርሙ።

አዲሱ ላይ የተዘጋጀ ባይትኮድን ማሻገር

ባይትኮድ ሞተሩ የሚያነበው፣ ከምንጭ ኮዱ የተተረጎመ ፋይል ነው። ኢንቴል የቁጥርን ትንሹን ባይት ያስቀድማል፤ አይቡኳ ትልቁን። በ1 ፈንታ 16777216 ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ አራቱ ባይቶች ተገልብጠዋል ማለት ነው። የበለጠ የሚያደናግረው ባለ 64 ቢት ቁጥር ጽፎ በባለ 32 ቢት አመልካች (የሜሞሪ አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ) ማንበብ ነው። ኢንቴል ላይ ቁጥሩ ትንሽ እስከሆነ ድረስ መልሱ ትክክል ይወጣል፤ ፓወርፒሲ ላይ ዜሮ። የዝርዝራችን ርዝመት ያለማቋረጥ ዜሮ ይሆን የነበረው በዚህ ነው።

ጽሑፍንም በሁለት ሁለት ባይት አስቀምጠን ስለነበር ‘ጎጃም’ ብለን ያሻገርነው ቃል ‘ጎ’ የታይላንድ ፊደል ሆና፣ ‘ም’ ደግሞ የቋንቋ ሊቃውንት የድምፅ ምልክት ሆና ወጣች። ጓደኛዬ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ እስካሁን ይስቅብኛል። ሉዋ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ5.4 እትሙ በባይትኮድ ፋይሉ ራስጌ ላይ 22136 የሚል ቁጥር ያስቀምጣል፤ ቁጥሩ ተለውጦ ከተነበበ ፋይሉን አይቀበልም። እንዲህ ዓይነቱን መፈተሻ ከመጀመሪያው ቀን ያስገቡ።

ኢሙሌተሩ ካለፈ ማሽኑም ያልፋል ብሎ ማመን

ኪውኢሙ የተባለው ኢሙሌተር (ሌላ ማሽንን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) ትልቅ ውለታ ይውላል። የባይት ቅደም ተከተልን በትክክል ስለሚያስመስል እስካሁን ያነሳኋቸውን ሁሉ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ እንዳሉ ሊያሳይዎ ይችላል። የማያሳየው ግን አለ። ጓደኛዬ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ የማሽን ትእዛዝ የሚያመነጭ ክፍል ጨምሮ ነበር። በፓወርፒሲ ላይ ዳታ የሚያልፍበትና ትእዛዝ የሚነበብበት ፈጣን ማከማቻ የተለያዩ ናቸው፤ አዲስ የተጻፈውን ትእዛዝ አውጥቶ አሮጌውን ማጽዳት የፕሮግራሙ ኃላፊነት ነው። ኢንቴል ይህን በራሱ ይሠራዋል፤ ኪውኢሙም ኮድ ሲለወጥ ስለሚከታተል ጉድለቱ አይታየውም። አይቡኳ ላይ ግን አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ «ሕገወጥ ትእዛዝ» ብሎ ይወድቃል፤ በዲበገር (ፕሮግራምን ደረጃ በደረጃ እየገቱ መመርመሪያ) ስንከታተለው ደግሞ እንደ ጨዋ ልጅ ይሄዳል። ዲበገር ሲገባ የሚጠፋ ስህተት ካጋጠመዎ እዚህ ይጀምሩ። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ለዚሁ የተዘጋጀ የማጽጃ ተግባር አለው፤ አንድ መስመር ነው።

የማይዛመዱ ፋይሎችን ይዞ መመርመር

ወደ አይቡኳ የሚሄደውን ፋይል ለምርመራ ከሚረዳው መረጃው አራቁቶ ማሳነስ ተገቢ ነው፤ ያልተራቆተው ግን አዲሱ ላይ ይቀመጥ። አይቡኳ ላይ ጂዲቢ ሰርቨርን፣ ላፕቶፑ ላይ ፓወርፒሲን የሚያውቅ ጂዲቢ የተባለውን ዲበገር ያስነሱ። ቤተ መጻሕፍቶቹን ከላፕቶፑ ሳይሆን ከአይቡኳ ከተቀዳው ማኅደር እንዲያነብ መንገር አይርሱ፤ አለዚያ የሚያሳይዎ የተግባር ሰንሰለት (የትኛው ተግባር የትኛውን እንደጠራ) ቅዠት ነው።

የወደቀበት ቦታ ላይ መቆፈር

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቆሻሻ ሰብሳቢው (የማያስፈልገውን ሜሞሪ የሚያስለቅቀው የሞተሩ ክፍል) ሜሞሪ ሲያጸዳ ወደቀ ማለት ጥፋቱ የእሱ ነው ማለት አይደለም፤ ሌላው ቀደም ብሎ ያበላሸውን ነው የረገጠው። እኛን ያዋጣን ሞተሩ የሚፈጽመውን እያንዳንዱን ትእዛዝና ውጤቱን በሁለቱም ማሽን ላይ ወደ ፋይል አስጽፎ ሁለቱን ማነጻጸር ነበር። የሜሞሪ አድራሻዎችን አያስጽፉ፤ በየጊዜው ስለሚለያዩ እውነተኛውን ልዩነት ይሸፍኑታል። መስመሮቹ መጀመሪያ የተለያዩበትን ቦታ ይያዙና የቀረውን ይተዉት።

ሰዓቱን መርሳት

ይህ አጭር ነው፤ ግን አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶብናል። ሞተራችን ምንጭ ፋይሉ ከተቀመጠው ባይትኮድ አዲስ ካልሆነ እንደገና አይተረጉምም። መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ባትሪ የሌላት አይቡክ ቀኗን ዓመታት ወደ ኋላ መልሳ ትነሳለች። በዚያን ጊዜ ያረምነው ፋይል ሁሉ ካልታረመው ያረጀ ሆኖ ስለሚታይ ሞተሩ የጠዋቱን ስህተት ደጋግሞ ያስኬድልን ነበር። አሁን ከማንኛውም ሙከራ በፊት ቀኑን እናያለን።