ፎርክሊፍት ሲጭን ማዶ አትቁሙ

ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ማለትም ከፊቱ ባሉት ሁለት የብረት ሹካዎች ጭነት የሚያነሳ ማሽን፣ ስነዳ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ስህተት እንደገና አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ተሳቢው ስፖንዳውን (የጎን መከለያውን) አውርዶ ቆሟል። እኔ በቀኝ በኩል ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) አስገባለሁ። ረዳቱ በግራ በኩል ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ «ግፋው! ትንሽ! ትንሽ!» ይላል። ወንድሜ፣ አላይህም! ከፊቴ ያለው ጭነት ብቻ ነው። ደግሞ የሹካው ርዝመት ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ከ20 ነው። ፓሌቱ ወደ ውስጥ 1 ሜትር ከሆነ፣ 20 ሳንቲሜትር ብረት በወዲያ በኩል ብቅ ይላል። ያ ብረት ቀድሞ የተጫነውን ፓሌት ይገፋዋል። የተገፋው የት ይሄዳል? አንተ ላይ። 40 ከረጢት ሲሚንቶ 20 ኩንታል ነው። በእጅህ ልትመልሰው ነው?

እኔም ሠርቼዋለሁ። አመሻሽ ላይ፣ የመጨረሻዋን መኪና ለመጨረስ ስጣደፍ፣ ከማዶ ዱብ ዱብ ሲል ሰማሁ። ከዚያ አቧራ ብቻ። ዞሬ ስሮጥ ረዳቱ ሁለት ሜትር ርቆ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው። ገመድ ሊያነሳ ዞር ሲል ነበር ጭነቱ የወረደው። ነጠላ ጫማው ከከረጢቶቹ ስር ቀረ። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ቁልፉን ነቅዬ ግማሽ ሰዓት ያህል መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ረዳቱን በዓይኔ ካላየሁት ሹካ አላስገባም።

ሹካ ላይ ቆሞ ሸራ ማሰር፦ መሰላል ፈልጉ። ከተነሳ ሹካ ስር ማለፍ፦ ባዶ ቢሆንም አይሆንም።

ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ነው። ፊቱ ትንሽ ሲዞር ጀርባው በሰፊው ይጠርጋል። ባለ 3 ቶኑ ባዶውን ከ4 ቶን በላይ ይመዝናልና፣ በእሱና በተሳቢው ጎማ መካከል ማንም አይለፍ። ሻይ የምታመጣልን እህታችንም ብትሆን!

በራምፕ (በመወጣጫ) ተሳቢው ውስጥ የምንገባ ከሆነ ደግሞ የተሳቢው ጎማ እንዳይንከባለል ታኮ ይደረግለት፣ የመኪናው ቁልፍም እኔ ኪስ ይግባ። ሹፌሩ ጭነቱ ያለቀ መስሎት ሞተር ቢያስነሳና ቢንቀሳቀስ፣ እኔ ከነፎርክሊፍቴ በራምፑና በተሳቢው መሀል መሬት ላይ እወድቃለሁ። ሽማግሌ ሹፌሮች ቅር ይላቸዋል። «ልጄ፣ አታምነኝም?» ይላሉ። «አባቴ፣ አምንዎታለሁ፤ ቁልፉን ግን ይስጡኝ።» ከመኪናው ተፈትቶ በእግሩ ብቻ የቆመ ተሳቢ ከሆነ፣ ከፊት ድጋፍ ካልተደረገለት ጭራሽ አልገባም። ወደ ተሳቢው ፊተኛ ጫፍ ስጠጋ በፊቱ ሊደፋ ይችላል።

ለአዲስ ኦፕሬተሮች አንድ ነገር ልጨምር፤ ማሽኑ ሲገለበጥ አትዝለሉ። የሚዘል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ጣሪያው በሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው። ቀበቶ ታስሮ፣ መሪው ጥብቅ ተደርጎ ተይዞ፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ዘንበል ይባላል። ቀበቶውን ከወንበሩ ጀርባ አስራችሁ የምትነዱትን አውቃችኋለሁ።

ያ ነጠላ ጫማው የቀረበት ልጅ ዛሬ ራሱ ሹፌር ነው። ሊጭን ሲመጣ ሳልጠይቀው ቁልፉን ይወረውርልኛል። ከዚያ ከግቢው ዛፍ ስር ሄዶ ይቀመጣል።